ጌታ ውሃውን ጠጣ ወይ?

ፀጉር ሠሪዋን ሰፈር ውስጥ በመዝገብ ስሟ የሚጠራት የለም፤ ለምኒቱ ነው የሚሏት። ስሙን ያወጡላት አባቷ ናቸው። ገና አፏን ስትፈታ ከ"እማ" እና ከ"አባ" ቀጥሎ የለመደችው ቃል "ለምን" ነበር። ብይ ሲሏት ለምን፣ ተኚ ሲሏት ለምን። አድጋ፣ አግብታ፣ ፀጉር ቤት ከፍታም አልተዋትም። አንዲት ደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ ፎጣው አንገቷ ላይ ሳይጠመጠም የት እንደምትሠራ፣ ማንን እንዳገባች፣ ካላገባችም ለምን እንዳላገባች ለምኒቱ አውቃ ጨርሳለች። ሰው ግን አይቀየማትም። እነዚያ ጣቶች ጭንቅላት ላይ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ሆድ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ሁሉ እንደ ሳሙና አረፋ እየተግተለተለ ይወጣል።

እትዬ የምትላት ታላቅ እህቷ ሌላ ፍጥረት ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ሂሳብ ስታስተምር ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ተማሪዎቿ ዛሬ ጢም አብቅለው፣ ልጅ ወልደውም መንገድ ላይ ሲያዩዋት "ቲቸር መጣች" ብለው ሲጋራቸውን ከጀርባቸው ይደብቃሉ። አላገባችም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ሁለት ክፍል ቤቷ ውስጥ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዟል፤ ሻሿ ከግንባሯ፣ መነጽሯ ከመሳቢያው፣ መጽሐፉ ከራስጌዋ። አራቱን ወንጌሎች በየዓመቱ ከዳር እስከ ዳር ታነባለች። ስታነብ ግን አትጠይቅም። ለእሷ ልክ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ነው፤ ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ ስድስት ነው፣ ለምን ሃምሳ ስድስት ሆነ ተብሎ አይጨቀጨቅም።

ሁለቱ ይዋደዳሉ፤ ግን በሩቁ ነው። ለምኒቱ እሁድ እሁድ ብቅ ትላለች፣ ሻይ ይጠጣል፣ ደህና ነሽ ወይ ይባባላሉ፣ ከዚያ ወሬ ያልቅባቸዋል። ቀኑን ሙሉ ወሬ የማያልቅባት ሴት እህቷ ፊት ስትቀመጥ ለምን እንደሚያልቅባት ለራሷም ይገርማታል።

ነገሩን የለወጠው ዓይን ነው። የእትዬ ግራ ዓይን ከድሮም ጭላንጭል ብቻ ነበር የሚያየው። አንድ ቀን ጠዋት በደህናው በቀኙ ዓይኗ ላይ ጥቁር መጋረጃ ከጥግ እየተሳበ መጣባት። ሐኪሙ ከዓይኗ በስተኋላ ያለው ስስ ሽፋን ተልጧል ብሎ በዚያው ሳምንት ቀዶ ጥገና አደረገላት። ዓይኗ ውስጥ አየር ሞላና፣ አየሩ ወደ ላይ ወጥቶ የተላጠውን ደግፎ እንዲይዘው ፊቷን ወደ መሬት ደፍታ ሁለት ሳምንት እንድትቆይ አዘዘ። ስትበላም፣ ስትቀመጥም፣ ስትተኛም እንደተደፋች።

"ከዚያ በኋላ ታያለች?" አለች ለምኒቱ።

"እንሞክራለን።"

"እንሞክራለን ማለት ምን ማለት ነው?"

"እህቴ፣ እንሞክራለን ማለት እንሞክራለን ማለት ነው" አለ ሐኪሙ።

የለምኒቱ ባል አናጺ ነው፤ ብዙ አይናገርም። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ እንጨት ይለካል። አልጋው ራስጌ ላይ የሚገጠም፣ መሐሉ ክፍት የሆነ የፊት ማስደገፊያ ሠርቶ ስፖንጅ አለበሰውና "እስቲ ይሞክሩት፣ እትዬ" አላት። እትዬ ግንባሯንና ጉንጮቿን ስፖንጁ ላይ አሳርፋ ተኛች። ከዚያ ወዲያ ለጠያቂ የምትታየው ከጀርባዋ ብቻ ሆነ፤ ድምፅዋም ከአልጋው ሥር ነው የሚመጣው።

ለምኒቱ ከምሳ በኋላ ያለውን ሥራ ለባልደረባዋ እየተወች ትመጣ ጀመር። የመጀመሪያውን ቀን ሬዲዮ ሰሙ። በሁለተኛው ቀን እትዬ ሬዲዮውን አስዘጋች።

"ወንጌሉን አንብቢልኝ።"

"እኔ?"

"ሌላ ሰው አለ እዚህ? ከዮሐንስ ጀምሪ።"

"እሱ አራተኛው አይደል? ሰው ከመጨረሻው ይጀምራል?"

"እኔ ከእሱ ነው የምጀምረው።"

"ለምን?"

ከስፖንጁ ሥር ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። "ለምኒቱ፣ አንብቢ።"

እውነቱን ለመናገር ለምኒቱ ወንጌልን በተከታታይ አንብባ አታውቅም። በየእሁዱ ቁራጭ ቁራጭ እየሰማች ነው ያደገችው፤ መሐሉን ብቻ እንዳየችው ተከታታይ ፊልም፣ ሰዎቹን ታውቃቸዋለች፣ ከየት መጥተው የት እንደገቡ ግን አታውቅም። አሁን ከመጀመሪያው ስትይዘው፣ ደንበኛ እንደምታዋራው አድርጋ ታነበው ጀመር። ሠርጉ ላይ ወይን ሲያልቅ "ውይ፣ ለደጋሹ" አለች። እትዬ ታገሠቻት። የጉድጓዱ ዳር ሴትዮ ጋ ሲደርሱ ግን ንባቡ ጭራሽ ቆመ።

"ቆይ፣ እትዬ። ቀትር ነው፣ መንገድ አድክሞታል፣ ጠምቶታል። ውሃ ስጪኝ አላት።"

"አዎ።"

"ከዚያ ወሬ ጀመሩ። ስለ ባሎቿ፣ የት መስገድ እንደሚሻል፣ ስለ ሁሉም። ሴትዮዋ እንስራዋን ጥላ ወደ ከተማ ሮጠች።"

"ልትመሰክር ነው።"

"ውሃውን ጠጣ ወይ?"

ለምኒቱ ገጹን ወደ ኋላ ገለጠች።

"ጌታ ውሃውን ጠጣ ወይስ አልጠጣም? የሚል ነገር እኮ የለም። ወደ ኋላም ወደ ፊትም አየሁት።"

"ዋናው ነገር እሱ አይደለም።"

"ለጠማው ሰው ዋናው እሱ ነው።"

"አንቺ ልጅ፣ ሻዩን አፍዪ።"

ለምኒቱ ሻዩን አፈላች። ለእህቷ በረጅም መምጠጫ አድርጋ አቀበለቻት። እትዬ ግማሹን ከጠጣች በኋላ ወለሉን እያናገረች በሚመስል ድምፅ "እንስራውን እኮ ትታለት ነው የሄደችው" አለች። "በሱ ቀድቶ ጠጥቶ ይሆናል።"

የለምኒቱ ነጠላ ጫማ ወለሉ ላይ ቀጥ አለ። "ውይ። ለዚያ ነው የተወችለት።"

"አላልኩም። ይሆናል ነው ያልኩት። ይቅር ይበለኝ፣ ምን እያስባልሽኝ ነው?"

ግን ድምፅዋ ውስጥ ፈገግታ ነበረበት። ለምኒቱ ሰው የቱ ጋ እንደሚስቅ ከጀርባ ማወቅ ለምዳለች፤ ሥራዋ ነው።

በማግሥቱ በመጠመቂያይቱ ዳር ስለተኙት በሽተኞች የሚለው ላይ ደረሱ። ዕውሩ፣ አንካሳው፣ ሰውነቱ የሰለለው፣ ብዙ ሕዝብ ነው። ጌታ መጣና ከመሐላቸው አንዱን፣ ብዙ ዘመን የተኛውን፣ አነሣው። ሰውዬው አልጋውን ተሸክሞ ሄደ። ለምኒቱ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ቆመች።

"ሌሎቹስ?"

እትዬ ግንባሯን ስፖንጁ ላይ አመቻቸች።

"ብዙ ሕዝብ ነበር ነው የሚለው። አንዱን አድኖ ሄደ። አጠገቡ የተኛውስ? 'እኔስ?' አላለም? እኔ ብሆን ልብሱን ይዤ አልለቅም ነበር።"

"ለዛሬ ይበቃል" አለች እትዬ። ድምፅዋ ስፖንጁ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ለምኒቱ ቤቷ ገብታ ለባሏ ነገረችው። ባሏ ከሸሚዙ ላይ የእንጨት ብናኝ እያራገፈ ሰማት።

"ምን ብዬ ነው ያስቀየምኳት?"

"ጠየቅሻት።"

"ሁሌም እጠይቃታለሁ እኮ።"

"እንግዲህ ዛሬ የሚያማትን ቦታ ነክተሽ ይሆናላ።"

በሚቀጥለው ቀን ሾርባ ይዛ ሄደች። አጠጣቻት፣ ሳህኑን አጠበች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። መጽሐፉን ግን አላነሣችም።

"አታነቢም?" አለች እትዬ።

"ደክሞሽ እንደሆነ ብዬ ነው።"

"ትናንት ስለ ሌሎቹ ጠየቅሽ።"

"ተይው፣ እትዬ። አፌ ነው።"

"እኔ ያንን ምዕራፍ በየዓመቱ አነበዋለሁ። እዚያ ቦታ ስደርስ ሁልጊዜ ፈጠን እላለሁ፤ ክፉ ውሻ ያለበት ግቢ በር ላይ ስትደርሺ እንደምትፈጥኚው። ግራ ዓይኔ የጠፋ ጊዜ ጸልዬ ነበር። አንቺ ገና ልጅ ነበርሽ። የጸሎት ቡድኑ ሁሉ ጸለየልኝ። በዚያው ሰሞን አንዷ ጓደኛችን ጉሮሮዋን ታማ፣ ተጸልዮላት ዳነች፤ አብረን ዘመርን። እኔም ዘመርኩ። ዓይኔ ግን ሄደ። እኔ ከሌሎቹ ነኝ፣ ለምኒቱ። አጠገቡ የተኛሁት እኔ ነኝ።"

ለምኒቱ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጠይቀው ጠፋት። እህቷን ልታቅፋት ፈለገች፤ ግን በፊቱ ተደፍቶ የተኛን ሰው ከየት በኩል ያቅፉታል? ነጠላ ጫማዋን አወለቀች፣ ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተንጋለለች፣ መኪና ሥር እንደሚገባ መካኒክ እየተንፏቀቀች ማስደገፊያው ሥር ገባች። የእህቷ ፊት ከላይዋ ሆነ፤ አንዱ ዓይን ታሽጓል፣ ሌላው ክፍት ነው። ካልታሸገው ዓይን አንድ ጠብታ ወርዶ የለምኒቱ ጉንጭ ላይ አረፈ።

"ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?"

"ፊትሽን ላየው ነው።"

"እንዴት ነው?"

"አርጅተሻል።"

እትዬ ማስደገፊያው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ሐኪሙ ሳቅን ይከልክል አይከልክል ሁለቱም አልጠየቁትም። ለምኒቱ መጽሐፉን ከወንበር ላይ ስባ ወስዳ፣ እንደተንጋለለች ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ካቆሙበት ቀጠለች። ከዚያ ቀን በኋላ ያነበበችላት እንዲያ ነው። እጇ ሲዝል ደረቷ ላይ ታሳርፈዋለች፣ ያኔ ይከራከራሉ።

የጸሎት ቡድኑ ሴቶች ሊጠይቋት የመጡት አልዓዛር ከመቃብር በወጣበት ቀን ነው። በሩ ክፍት ስለነበር ገቡ። ቲቸር በፊቷ ተደፍታ፣ እህቷ አልጋ ሥር ተንጋልላ፣ ሁለቱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲጨቃጨቁ ደረሱባቸው።

"አራት ቀን ሙሉ እዚያ ቆይቶ መጣ!" ትላለች ከሥር ያለችው። "እራት ሁሉ አብረውት በሉ። አንድ ሰው እንኳ 'ምን አየህ?' ብሎ አልጠየቀውም?"

"ጠይቀውት ይሆናል፤ አልተጻፈ ይሆናል" ትላለች ከላይ ያለችው።

"እንዴት አይጻፍም? ሌላ ምን የሚጻፍ ነገር አለ?"

የቡድኑ መሪ ጉሮሮዋን ጠረገች። ቀጥ ያለች፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ የምትይዝ ሴት ናት። "ምንድን ነው ነገሩ?" አለች። ለምኒቱ ቀሚሷን እየሰበሰበች ተንፏቃ ወጣችና ነገሩን አስረዳች። መሪዋ አልወደደችውም። ቃሉን እንዲህ እየቆራረጡ መጠያየቅ ልብን ያደርቃል፣ በተለይ ለታመመ ሰው አይበጅም አለች።

ከኋላ የቆመች አንዲት ዝምተኛ ሴት ነበረች፤ ባሏ በቅርቡ የሞተባት። "እኔ ብሆን እጠይቀው ነበር" አለች ቀስ ብላ። "እዚያ ያለውን ሁሉ ሳይሆን፣ ባሌን አይተኸዋል ወይ፣ ሳሉ ተሻለው ወይ ብዬ።"

መሪዋ ራሷ ቦርሳዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ የሴትዮዋን ትከሻ ያዘች። ቢሆንም የያዘችውን ሐሳብ አልለቀቀችም፤ ሊወጡ ሲሉ "ቲቸር፣ እንግዲህ አንቺ አስተማሪ ነሽ፣ ሥርዓት አስይዣት" አለች።

"ክፍል ውስጥ የማይጠይቅ ተማሪ ወይ ገብቶታል ወይ ተኝቷል" አለች እትዬ ከስፖንጁ ሥር። "እኔ እስከ ዛሬ ከሁለቱ የትኛው እንደነበርኩ እያሰብኩ ነው። ተዪያት ትጠይቅ።"

ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ ሽቶ አለበት። ሴትየዋ ውዱን ቅባት በጌታ እግር ላይ አፈሰሰች፣ በፀጉሯም አበሰችው፣ ቤቱ በሽቶው መዓዛ ተሞላ። ለምኒቱ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አሳረፈች።

"ይሄ ዘይት ነው። ዘይት ፀጉር ውስጥ ከገባ በአንድ እጥበት አይለቅም። ሽታው ደግሞ ብዙ ይቆያል። ከዚህ በኋላ ጌታ ስንት ቀን ኖረ?"

"ሳምንት አይሞላም።"

"እንግዲያ እሱ ሲሞት ሽታው ፀጉሯ ላይ ነበር ማለት ነው። እሱን ወስደው ቀበሩት፤ እሷ ቤቷ ገብታ ሻሿን ስታወልቅ..."

"ይሄንን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም" አለች እትዬ። ከዚያም "የኔስ ፀጉር ይሸታል?"

"እውነቱን ልንገርሽ?"

"ንገሪኝ።"

"የታመመ ሰው ፀጉር ነው።"

"በይ እጠቢኝ።"

እትዬ ፀጉር ቤት ረግጣ አታውቅም። ሻሿን ሳታስር ያያት ሰው፣ እህቷን ጨምሮ፣ ከልጅነት ወዲህ የለም። ለምኒቱ በስልክ ሐኪሙን ጠየቀች፤ ውሃ ዓይኗን እንዳይነካ እንጂ ይቻላል አለ። ግንባሯን በፎጣ አሰረች፣ የዓይኑን መሸፈኛ በላስቲክ ከለለች፣ ሳፋውን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ሻሹን ፈታች። ሽበቱ ወርዶ ሳፋው ውስጥ ተጠቀለለ። ረጅም ነበር፣ ጫፉ እንኳ አልተሰበረም። ለምኒቱ በሙያዋ ስንት ፀጉር አይታለች፣ እንዲህ ያለ ስታገኝ ከፍ ባለ ድምፅ ነው የምታደንቀው። ያን ቀን ግን ዝም ብላ ለብ ያለውን ውሃ በኩባያ እያንቆረቆረች፣ በጣቶቿ ከማጅራት ወደ ፊት እያሸች አጠበች። እትዬ ደግሞ ሳትጠየቅ ተናገረች። አንድ ጊዜ ሊያገባት የፈለገ የታሪክ አስተማሪ እንደነበር፣ ሰውዬው ሳይሆን የሱ ሳቅ እንደናፈቃት፣ የጡረታዋ የመጀመሪያ ዓመት ምን ያህል እንደረዘመባት። ለምኒቱ "ለምን አላገባሽውም?" የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

ሁለቱ ሳምንት ሞልቶ ሐኪሙ የዓይኗን መሸፈኛ ሲያነሣ እትዬ ያየችው ብዙ አልነበረም። አየሩ ገና ከዓይኗ አልወጣም፤ በሱ ውስጥ ሁሉም ነገር ይዋልላል።

"ምን ይታይዎታል?" አለ ሐኪሙ።

"የሆነ ረጅም ነገር። እየተወዛወዘ ይመጣል። ዛፍ ይመስላል።"

"እኔ ነኝ፣ እትዬ" አለች ለምኒቱ።

ሐኪሙ ታገሡ፣ አየሩ ቀስ በቀስ ይወጣል፣ የተላጠው ሽፋን ቦታውን የያዘ ይመስላል አለ። ታገሡ። ንባቡም አልቆመም፤ ዮሐንስ አልቆ ማቴዎስ ተጀመረ፣ እሱም አለቀ፣ ማርቆስ ገቡ። አሁን ለምኒቱ እንደ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው የምታነበው። ከዕለታት አንድ ቀን ጌታ አንዱን ዕውር ከመንደር አውጥቶ፣ ዓይኑ ላይ ምራቁን ተፍቶ፣ እጁን ጫነበትና ታያለህ ወይ ሲለው፣ ሰውዬው ሰዎች እንደ ዛፍ ሆነው ሲመላለሱ አያለሁ አለ። ለምኒቱ አንብባው ስታበቃ ቀና ብላ እህቷን አየች። እትዬም ታያት ነበር። መጀመሪያ የሳቀችው የትኛዋ እንደሆነች እስከ ዛሬ አይስማሙም። ግን ሳቁ ሳይበርድ እትዬ እጇን አነሣች፣ ልክ ተማሪዎቿ ያነሡ እንደነበረው።

"እኔ የምጠይቀው አለኝ። እንደገና እጁን ጫነበት፣ ያኔ አጥርቶ አየ ነው የሚለው። ለምን ሁለት ጊዜ? ሌላውን ሁሉ በአንድ ቃል የሚያድነው፣ ይሄኛውን ለምን ሁለት ጊዜ?"

"እኔ ምን አውቄ?" አለች ለምኒቱ ደስ ብሏት።

"አላውቅም አትበይ፣ አስቢ።"

አሰቡ። ሻይ ጠጥተው አሰቡ። ምናልባት ሰውዬው ተጠራጥሮ ይሆናል ተባለ፤ አይ፣ እንደሱ የሚል የለም ተባለ። ምናልባት ግማሽ መንገድ ላይ ያለ ሰው ተስፋ እንዳይቆርጥ ይሆናል አለች ለምኒቱ። እትዬ "ምናልባት" አለች፤ ሂሳብ ብታርም ኖሮ ለዚህ መልስ ግማሽ ነጥብ እንደምትሰጥ በሚያስታውቅ ድምፅ።

አየሩ ሁሉ ሲወጣ የእትዬ ዓይን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። መርፌ መክተት አትችልም፤ ሲመሽ ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ ትይዛለች። ግን የሰው ፊት ትለያለች፣ በትልልቅ ፊደል የታተመ ጽሑፍም በአጉሊ መነጽር ቀስ እያለች ታነባለች። ሐኪሙ ጥሩ ውጤት ነው አለ። እትዬ "ከሌሎቹ ነኝ ወይስ ከዳኑት?" ብላ ለምኒቱን ጠየቀቻት፤ መልስ ሳትጠብቅም አጉሊ መነጽሯን አነሣች።

የትልልቁ ፊደል መጽሐፍ ሲገዛ ለምኒቱ ደስ ያላት መሰላት። ወደ ቤት ስትመለስ ግን፣ ከእንግዲህ ምን ልሁን ብዬ ነው ከሰዓት በኋላ የምሄደው አለች በልቧ። ያን ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ቀን ፀጉር ቤቷ ዋለች። ሐሙስ ዕለት አንዷን ደንበኛ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስገብታ ሳለ ስልኳ ጮኸ።

"ማርቆስን ጨረስኩት" አለች እትዬ።

"ጎበዝ።"

"አንድም ሰው አላቋረጠኝም።"

"ታዲያ ጥሩ አይደለም?"

"ቤቱ ዝም ይላል" አለች እትዬ። "እሁድ ነይና ሉቃስን እንጀምር። ባልሽንም ይዘሽው ነይ።"

እሁድ ሦስቱም ጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጡ። አሁን የምታነበው እትዬ ናት፤ አጉሊ መነጽሯን ፊደል በፊደል እየገፋች፣ ለምኒቱ አጠገቧ አገጯን በመዳፏ ይዛ። ብዙም አልሄዱም። መልአኩ ለሽማግሌው ካህን ሚስትህ ትወልዳለች አለው፤ ሽማግሌው ይህ እንዴት ይታወቃል ብሎ ጠየቀ፤ ስለዚህ ልጁ እስኪወለድ ድረስ ዲዳ ሆነ። ጥቂት ወረድ ብሎ ያው መልአክ ለማርያም ነገራት፤ እሷም ይህ እንዴት ይሆናል ብላ ጠየቀች፤ እሷን ግን ቁጭ ብሎ አስረዳት።

"ቆይ፣ ቆይ" አለች ለምኒቱ። "ሁለቱም ጠየቁ። ለምን እሱ ብቻ ተቀጣ?"

"አጠያየቁ ይለያያል" አለች እትዬ። "እሱ ማስረጃ ነው የፈለገው፣ እሷ..."

"ያው ጥያቄ ነው እኮ። አንድ ቃል ቢለያይ ነው። እኔ ለሽማግሌው አዝኛለሁ።"

አናጺው እስከዚያ ድረስ የጠረጴዛውን አንድ እግር እየነቀነቀ፣ የቱ ጋ እንደላላ ሲመረምር ነበር። ቀና ሳይል "ሚስቱስ?" አለ።

ሁለቱ እህትማማቾች ዞረው አዩት። እሱ ጥያቄ ሲያነሣ ሰምተው አያውቁም።

"ሚስቱ ምን ሆነች?" አለች ለምኒቱ።

"ምንም። ዘጠኝ ወር ሙሉ ጸጥ ያለ ቤት አግኝታ አረፈች። እኔ ቅጣት መሆኑን ነው የምጠራጠረው።"

እትዬ መነጽሯን አስቀምጣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ለምኒቱ ባሏን በነጠላ ጫማዋ ጠረጴዛ ሥር ረገጠችውና፣ ሳቋን እያፈነች፣ "አንብቢ፣ እትዬ፣ አንብቢ" አለች፤ እትዬም የት ጋ እንደቆመች በጣቷ መፈለግ ጀመረች።